አረንጓዴው መብራት በርቷል፣ በቃ ሠርቷል!

በጅማ ቤትዎ ውስጥ ዋይፋይ ሲያስገቡ የሚሆነው ይህ ነው። ባለሙያው መሰላሉን ተሸክሞ ይመጣል፣ ገመዱን ከምሰሶው አውርዶ በሚቀርበው መስኮት ያሾልካል፣ ገመዱ ባለቀበት ቦታ ራውተሩን (ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ዕቃ) ያስቀምጣል። «ጋሼ፣ አረንጓዴው መብራት በርቷል አይደል? በቃ ሠርቷል» ብሎ መሰላሉን አንስቶ ይሄዳል። ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ ላፕቶፖቹ የት ክፍል እንደሚቀመጡ የሚጠይቅ የለም። የራውተር ቦታ በገመድ ርዝመት ይወሰናል እንዴ?

የእኛ ቤት ራውተር የተወሸቀው ሳሎን ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ቡፌው ውስጥ ነው። እናቴ አቧራ እንዳይነካው ብላ ዳንቴል አልብሳዋለች። (በዳንቴሉ እንኳን አልጣላም፤ ጨርቅ የዋይፋይ ሞገድ አያግድም፣ ሙቀቱን ግን ያፍናል።) ሞገዱን የሚበላው የብሎኬቱ ግድግዳ፣ የብረቱ በር ነው። ታናሽ እህቴ የምትኖርበት የጓሮው ክፍል ደግሞ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ሞገዱን እንዳለ ይመልሰዋል። ስለዚህ ልጅቷ የትምህርት ሥራዋን ለመላክ ላፕቶፗን ታቅፋ በረንዳ ላይ ትቆማለች። የጅማን ክረምት ለምታውቁ ሰዎች በረንዳ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም።

ለኢንተርኔት አቅራቢው ስልክ ደውዬ ስናገር የተሰጠኝ መልስ ነው ይበልጥ ያበገነኝ። «ከፍ ወዳለ ጥቅል ያሳድጉት።» ከውጭ የሚገባው መስመርና ከራውተሩ እስከ ላፕቶፑ ያለው መንገድ እኮ ለየቅል ናቸው! ላፕቶፑን በኔትወርክ ገመድ በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኝተን ፍጥነቱን ለካን፤ የከፈልንበትን ያህል መጣ። ገመዱን ነቅለን ጓሮ ሄደን ለካን፤ ምንም የለም። ታዲያ እጥፍ ብከፍል ቆርቆሮው ይከፈትልኛል? ይህን ልዩነት ለደንበኛ መንገር የማን ሥራ ነው?

በዚያ ላይ ባለሁለት ሞገድ ራውተር (በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ የሚያሰራጭ) ተሰጥቶን 5 ጊጋኸርዙ ተዘግቶ ነው የተገኘው። እርግጥ 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ላይ ይደክማል፣ ለጓሮ የሚሻለው 2.4 ነው። ነገር ግን 2.4 ላይ ሞገዱ የሚሄድባቸው መስመሮች፣ ማለትም ቻናሎች፣ ይነካካሉ፤ እርስ በርስ እንዳይነካኩ ብዙ ጊዜ የሚመረጡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። እንደ ሄርማታ ቤት ለቤት በተጣበቀበት ሰፈር የጎረቤቱ ሁሉ ራውተር አንድ ቻናል ላይ ሲጯጯህ ማን ማንን ይሰማል? ቻናል መቀየር በላፕቶፕ ብራውዘር ላይ የራውተሩን አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1፣ ብሎ ገብቶ የሚያልቅ ትንሽ ሥራ ነው። የመግቢያው ስምና የይለፍ ቃል ግን አሁንም ከፋብሪካ እንደመጣ ነው። ማንም ቤታችን የሚገባ ሰው ገምቶ ይከፍተዋል።

ሰው ደግሞ ይገባል። ጅማ ነው፣ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል። ሁለተኛው ስኒ ሳይደርስ «የዋይፋዩን ቁጥር እስኪ ንገሩን» ይመጣል። እምቢ ማለት ነውር ነው፣ አልልምም። ለዚህ ሲባል የተሠራ የእንግዳ ኔትወርክ የሚባል ነገር አለ፤ ለእንግዳው የራሱ ቃል ይሰጠዋል፣ የቤቱ ላፕቶፖች ለብቻቸው ይቀራሉ። በራውተራችን ውስጥ እያለ እንዳለ የነገረን ሰው የለም።

መብራት ሲጠፋ ያለውንስ ምን ልበለው? ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ስልኩ ባትሪ አለው፣ ራውተሩ ብቻ ነው ወዲያው ድርግም የሚለው። አብዛኛው ራውተር የሚፈልገው እኮ 12 ቮልት ነው፤ በትንሽ ባትሪ ሰዓታት ይቆያል። ጅማ ውስጥ ይህን ባትሪ የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ከነዋጋው ጠቁሙኝ። ረጅም የኔትወርክ ገመድ ያለውንም ጭምር፤ ሁለተኛ ራውተር ጓሮ ውስጥ ልተክል ነው፣ እህቴ ከበረንዳ ትውረድልኝ።