ውሃ ሳትይዙ ተራራ የምትወጡ፣ እባካችሁ!

ይህን ካልተነፈስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

የምኖረው አሪዞና፣ ፊኒክስ ነው። ሥራዬ የሌሊት ፈረቃ ስለሆነ ጠዋት እተኛለሁ። ተራራ የምወጣው ከሰዓት በኋላ፣ ብቻዬን ነው። ካሜልባክን፣ በኤኮ ካንየን መንገድ በኩል። ለማያውቀው፣ ከተማው መሀል ተንበርክኮ የተኛ ግመል የሚመስል ተራራ ነው። መንገዱ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ግን በዚያች አጭር መንገድ ወደ 390 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። አንዳንዱ ቦታ የብረት መደገፊያ ይዞ፣ ሌላው ቦታ ድንጋይ ቧጦ ነው የሚታለፈው። ከሰዓት ብረቱ እጅ ያቃጥላል። ጥላ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ታዲያ ሰው ምን ይዞ ይመጣል? አንዲት ግማሽ ሊትር ውሃ! እሷንም ገና መኪናው ጋ ጀምሯታል።

ባለፈው ቅዳሜ 35 ዲግሪ ነበር። እዚህ ይሄ ገና ሙቀት አይባልም። በ2023 ለ31 ቀን በተከታታይ ከ43 ዲግሪ በላይ የዋለ ከተማ ነው። እኔ ሦስት ሊትር ውሃና ጨው ያለው ቆሎ ይዤ ወጣሁ። ከሁለተኛው መደገፊያ በላይ፣ ትልልቆቹ ድንጋዮች ጋ ስደርስ አንድ ልጅ ሰፌድ በምታህል ጥላ ውስጥ ተኮራምቶ አገኘሁ። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ስልኩን ለመያዝ ሲሞክር እጁ ይንቀጠቀጣል። ባዶዋ የውሃ ላስቲክ እግሩ ሥር ተጨማዳ ወድቃለች።

"ከማን ጋር መጣህ?" አልኩት።

"ከጓደኞቼ ጋር። ቀድመውኛል።"

ቀድመውኛል! ይቺ ቃል እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች። እንዴት ሰው ጓደኛውን እንዲህ ጥሎ ይሄዳል? አጠገቡ ተቀመጥኩ። ውሃ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣሁት፣ አንገቱ ላይ አፈሰስኩለት፣ ቆሎውን እየዘገንኩ ሰጠሁት። አርባ ደቂቃ ያህል ቆየን። ጓደኞቹ ጫፍ ደርሰው፣ ፎቶ ተነስተው፣ እየሳቁ ወረዱ። "አሁንም እዚሁ ነህ እንዴ?" አሉት። ደሜ ፈላ።

የውሃዬ ግማሽ አልቆ ስለነበር እኔም ከዚያው ተመለስኩ። ሕጉ ይሄ ነው፤ ውሃህ ከመጋመሱ በፊት ተመለስ። ከተማው ራሱ ነው እንዲህ ብሎ የሚመክረው። ጫፍ አለመድረሴ አይደለም የከነከነኝ፤ ተራራው የትም አይሄድም። የከነከነኝ እኔ ባላልፍስ የሚለው ነው።

ሰዉን የሚያታልለው ከላይ ቤትና መኪና መታየቱ ይመስለኛል። ከተማ ውስጥ ነኝ፣ ምን እሆናለሁ ይላል። የኛም ሰዎች አሉበት። ከዲሲ እንግዳ ሲመጣ "እስቲ ትንሽ እንናፈስ" ብለው ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው ይዘው ይወጣሉ። ኧረ ተዉ!

ሰው ሲወድቅ ማን እንደሚያወርደው ታውቃላችሁ? የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው። ባለ አንድ ጎማ ቃሬዛ እየገፉ በዚያ ገደል ይወጣሉ፤ ካልሆነም ሄሊኮፕተር ይጠራል። በ2021 እነሱ ራሳቸው በሙቀት ሲታመሙ ነው ከተማው ኃይለኛ የሙቀት ማስጠንቀቂያ በሚወጣበት ቀን መንገዱን ከረፋድ እስከ አመሻሽ መዝጋት የጀመረው። አሁን ሰው "ካልተዘጋማ ችግር የለውም" ብሎ ይመጣል። አልተዘጋም ማለት ውሃ አያስፈልግም ማለት ነው እንዴ? የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ልጆችም እኮ አባታቸውን ቤት ይጠብቃሉ።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ደግሞ መነሻው ላይ የመጠጥ ውሃ መኖሩ ነው። በነጻ! ልጁ ስንወርድ ጭንቅላቱን እሱ ሥር ከትቶ ሲጠጣ፣ ሲጠጣ፣ ሲጠጣ ቆየ። ጓደኞቹ መኪናው ጋ ሆነው የት እንብላ እያሉ ይነጋገሩ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አራት ሊትር ይዤ ነው የምወጣው። አንዱ ሊትር ለማላውቀው ሰው ነው። ጀርባዬ ላይ ግን መሆን አልነበረበትም።