ቶርኖ ዘይት ይመርጣል!

እጄን ሳልታጠብ ነው የምጽፈው። ስልኬ በዘይት ተለቅልቋል፤ ይለቅለቅ!

ትልቁን ቶርኖ ታውቁታላችሁ፤ ብረት እያዞረ የሚቆርጠውን ማሽን። ጠዋት የዘጌውን ጀልባ ሻፍት ይዤ ነበር። ያ እምቦጭ እየተጠመጠመ ያበላሸውን። ቢላውን ትንሽ ጠለቅ ሳደርገው ብረቱን ነክሶ የሚያዞረው ቻክ ቀጥ አለ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ቻኩ ቆሟል። ማንሻውን ወደ መሃል ስመልሰው ደግሞ በዝግታ መዞር ጀመረ። ዙር ሲሉት ይቆማል፣ ቁም ሲሉት ይዞራል!

መብራቱን አጥፍቼ ክዳኑን ከፈትኩ። የተቃጠለ ዘይት ሽታ ፊቴን መታኝ። የሞተሩን ጉልበት ለቻኩ የሚያስተላልፉት የፍሪሲዮኑ ዲስኮች ሰማያዊ ሆነዋል። ዘይቱን በሁለት ጣቴ ስይዘው እንደ ማር ይሳባል። የመኪና ካምቢዮ ዘይት፣ 90 ቁጥር! ማን እንደጨመረው እናንተም ታውቃላችሁ።

ዘይት ሱቅ ሄድኩ።

«32 ቁጥር የማሽን ዘይት አለ?»

«ለምን መኪና ነው?»

«ለመኪና አይደለም፣ ለቶርኖ።»

«90 ውሰድ። አለቃህ ሁልጊዜ የሚወስደው እሱን ነው።»

«ፍሪሲዮኑን የበላውኮ እሱ ነው!»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ወንድሜ፣ ቶርኖ ዘይት አይመርጥም። የምትመርጠው አንተ ነህ!»

በር ላይ የቆሙት የባጃጅ ልጆች በሳቅ ፈረሱ። ይሄ አልበቃውም። ስልኩን አውጥቶ አለቃ ጋ ደወለ፣ ድምፁንም ከፍ አደረገው። አለቃ ምን ቢል ጥሩ ነው? «90ውን ስጠውና ይምጣ። ሥራ ፈት!»

11 ዓመት ነው የሠራሁለት። 11 ዓመት! ሥራ ፈት።

ሱቅ ውስጥ ያላስጨረሱኝን እዚህ ልጨርሰው። ፍሪሲዮን ማለት ተደራርበው የተቀመጡ ስስ ዲስኮች ናቸው። ማንሻውን ስትስበው ይጣበቃሉ፣ ስትመልሰው ይላቀቃሉ። የሚላቀቁት ዘይቱ ቀጭን ሲሆን ነው። የሩሲያው መመሪያም ቀጭን የማሽን ዘይት ነው የሚለው፤ 32 ማለት እሱ ነው። 90 ደግሞ ቢያንስ አራት እጥፍ ይወፍራል። ዲስኮቹን ሙጫ እንደተቀባ ወረቀት ያያይዛቸዋል። ባለፈው የተለማማጁን ልጅ እጅጌ ቻኩ ይዞት የነበረው ለምን መሰላችሁ? ማንሻው መሃል ላይ ነበር! ልጁ የቆመ መስሎት ነው የተጠጋው። ሸሚዙ ባይቀደድ ኖሮ እጁ ይሄድ ነበር። ያን ቀንም የተሰደበው ልጁ ነው።

አለቃ ራሱ ሲሠራ ደግሞ ቻኩን የሚያቆመው ማንሻውን ወደኋላ በመምታት ነው። ጓ! ወደኋላ የሚያዞሩት ዲስኮች ብዛታቸው ወደፊት ከሚያዞሩት ያነሰ ነው። እንደ ፍሬን ሲመቷቸው ያልቃሉ። ስንቴ ነገርኩት! «ሥራ ይፍጠን» ነው መልሱ።

ማስተካከሉ እኮ ከባድ አይደለም። መብራት ታጠፋለህ፣ መያዣዋን ፒን በካቻቢቴ ትጫናለህ፣ ዳዶውን በትንሽ በትንሹ ታዞራለህ፣ ፒኗ ቦታዋ ላይ ጠቅ ማለቷን ታያለህ። ካልገባች ዳዶው ይፈታል። ካጠበቅከው አይላቀቅም፣ ካላላኸው ይንሸራተትና ይቃጠላል። ግማሽ ቀን ስጡኝ ብዬ ከፋሲካ ጀምሮ ለምኛለሁ። ግማሽ ቀን ጠፋ! መብራት ሲጠፋ ግን ቀኑን ሙሉ ቁጭ እንላለን። ያኔ ልክፈተው ስል «አሁን ይመጣል፣ አትነካካው» ይለኛል።

ቶርኖው እኮ 1ኬ62 የሚባለው ሞዴል ነው! ሞስኮ ውስጥ ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ ማሽን። ፖሊን፣ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክን፣ ያቋቋሙልን የሶቪየት ሰዎች አገር ብረት ነው። አርጅቷል ይሉታል። አላረጀም፣ እየገደሉት ነው!

አሁን ዲስኮቹን በናፍጣ አጥቤ ካርቶን ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። ሦስቱ ጠመዋል፣ አይመለሱም። የ90ው ጀሪካን አጠገቤ ተቀምጧል፤ አልከፍተውም። ይባርረኝ።

ባሕር ዳር ውስጥ 32 ያየ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይንገረኝ። ባለጀልባው ለሦስተኛ ጊዜ እየደወለ ነው፤ ምን እንደምለው ጨንቆኛል።