ማስተካከያ፦ ስለ ብር ኖቱና ስለ ባክቴሪያው

ባለፈው ጽሑፌ «ብር ኖት ላይ ያለው መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ በሳሙናም አይበገርም» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። መድኃኒት ተላመደ ማለት አንቲባዮቲክ አልሠራበት አለ ማለት እንጂ ሳሙናና ውሃን ቻለ ማለት አይደለም። ሳሙናና ውሃ አብዛኛውን ባክቴሪያ ጠራርጎ ከእጅ ያወርዳል፤ የተላመደና ያልተላመደ ብሎ አይመርጥም።

«ብር በሽታ ያስይዛል» ያልኩትም ተጋኗል። ኖቶች ላይ እንደ ስታፊሎኮከስ ኦውረስ ያሉ ባክቴሪያዎች መገኘታቸው እውነት ነው። ግን ይኸው ባክቴሪያ ከ10 ሰው በ3ቱ ገደማ አፍንጫ ውስጥ ሕመም ሳያስከትል ይኖራል። ኖት ላይ መገኘቱ ብቻ ሰው ከዚያ መታመሙን አያሳይም።

ጣትን ምራቅ እያስነኩ ብር መቁጠር ይቅር ያልኩት ግን እንዳለ ነው (የታክሲ ረዳቶች ይቅርታ)። እንጀራ ከመቁረስ በፊት መታጠቡም እንደዚያው።