ሽሩድ አማች

ጉድ ያፈላብን የልጁን የሥራ ባልደረባ ለሽምግልና ይዘን መሄዳችን ነው። እንደ ወጉ «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለን ቆመናል። 30 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ የወጡት የልጅቷ አባት ከመነጽራቸው በላይ ቃኙንና «ለመሆኑ ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉ። አንጋፋው ሽማግሌያችን «ጨዋ፣ ሰው አክባሪ፣ ለወላጅ አሳቢ» እያሉ በእርጋታ ሲደረድሩ ባልደረባው አላስችል አለው።

«በዚያ ላይ ጋሼ፣ በጣም ሽሩድ ነው!» አለ በእንግሊዝኛ።

ጓዳ ይንኳኳ የነበረው ሲኒ እንኳ ጸጥ አለ።

«ሽሩድ ስትል?»

«ማለቴ... ብልጥ።»

«ብልህ ለማለት ፈልጎ ነው» አልኩ ከአፉ ነጥቄ።

ብልህና ብልጥን የሚለያቸው አንዲት ፊደል ናት፤ ሽምግልና ላይ ግን ያቺ ፊደል ልጅ ታስከለክላለች። ብልህ ሰው ቤት ሲመጣ ምክር ይጠየቃል፤ ብልጥ መጥቶ ሲሄድ ማንኪያ ይቆጠራል። እርግጥ ብልጠት የሚያስጠላን ሌላው ሰው ላይ ስናየው ነው። የታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊታችን የተሰነቀረው ብልጥ ነው፤ እኛ ስንሰነቀር ቸኩለን ነው። የራሳችን ልጅ ሲሆንማ «አራዳ ነው» እንላለን። አራዳ እኮ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረ የገበያ ሰፈር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ወደ መርካቶ ሲወርድ ስሙ ለሰፈሩም ለሰውም ቀረ።

አባትየው አልተቆጡም። «ቅዳሜ ተመለሱ፤ እስከዚያ ላንብብ» አሉ። ሽማግሌ ማመላለስ ያለ ነው። ልጁን ለመዳር መዝገበ ቃላት የሚያገላብጥ አባት ግን ያየሁት ያኔ ነው።

ቅዳሜ ባልደረባውን ጥለነው ሄድን። ጠረጴዛው ላይ እንደ ጡብ የወፈረ መዝገበ ቃላት ተቀምጧል። ገና በሩን ከማለፋችን፦

«ለልጄ አይጥ ልታመጡላት ኖሯል!»

ለካስ ሽሩድ የወጣው ሽሩ ከምትባል እንስሳ ስም ነው። አንጋፋው «ሽሮ?» አሉ። «ሽሮ አይደለም፣ ሽሩ!» አፍንጫዋ ሹል፣ መልኳ አይጥ፣ ወገኗ ግን ከአይጥ ያልሆነ ፍጥረት። እንግሊዝ አገር በብዛት የምትገኘው ከ5 እስከ 14 ግራም ብትመዝን ነው፤ ጥቂት ሰዓት ሳትበላ ከዋለች ትሞታለች። የዱሮ እንግሊዞች ንክሻዋ መርዝ ነው ብለው ይፈሯት ነበር። ላም ጀርባ ላይ ከሮጠች ላሟ ሽባ ትሆናለች ይሉ ነበር።

«መድኃኒቱን ልንገራችሁ?» አሉ አባትየው፣ ጣታቸውን መሰርሰሪያ አድርገው አየሩን እየበሱ። «አሽ የሚባል ዛፍ ይበሱና ሽሯን ከነነፍሷ ከተው ይወትፉባታል። ከዚያ ቅርንጫፉን ቆርጠው የታመመችውን ላም ያሻሿታል።» ጊልበርት ኋይት የሚባል ቄስ በፈረንጆቹ 1789 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሴልቦርን በምትባለው መንደሩ እንዲህ ያለ ዛፍ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ እንደነበረ ጽፏል። እኛ ቡዳ በላው ብለን ጭስ ስናጨስ ማን ያልሳቀብን አለ!

«እንግዲህ ሽሩድ መጀመሪያ ክፉ፣ ጠማማ ማለት ነበር» አሉ አስተማሪው። «በ14ኛው መቶ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመው የዊክሊፍ መጽሐፍ ቅዱስ ፊልጵስዩስ ላይ ጠማማውን ትውልድ ሽሩድ ይለዋል። በሉ መልሱልኝ።»

እኔም ሳምንቱን ተኝቼ አልከረምኩም። ማቴዎስ 10፥16ን በእኛው መጽሐፍ «እንደ እባብ ልባሞች እንደ ርግብም የዋሆች ሁኑ» እያልን ነው ያደግነው። በቅርብ ዘመን ከወጡት የእንግሊዝኛ ትርጉሞች አንዱ ታዲያ ልባም የሚለውን ምን ብሎ አስቀመጠው? ሽሩድ! 600 ዓመት በማይሞላ ጊዜ ስድብ የነበረው ቃል ትእዛዝ ሆነ። እኔ እንደሚመስለኝ እንግሊዞቹ ጠማማ ያሉት ሰው ሲያተርፍ፣ ቤት ሲሠራ፣ ሲያበድራቸው አዩና ቃሉን እያለሳለሱት መጡ። ተበዳሪ አበዳሪውን ጠማማ ብሎ የት ሊደርስ!

ሲሊ የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃል ደግሞ በተቃራኒው ወርዷል። ጥንት የተባረከ ማለት ነበር። ቀጥሎ ምስኪን ሆነ፤ ዛሬ ቂል ነው። የእኛው የዋህ ከዚህ በምን ይሻላል? አንድን ሰው ትንፋሽ ስበን «እሱ እኮ የዋህ ነው» ካልን፣ ወይ መሬቱን ወይ ብሩን ተበልቷል ማለት ነው።

አባትየው መዝገበ ቃላቱን ከደኑት። «ሽሩድን ልባም ካላችሁት ይሁን። የዋህነቱስ?»

አንጋፋው በትራቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩ። «የዋህ ነው ብለን መጥተን ቢሆን ልጅዎን ይሰጡን ነበር?»

«አልሰጥም!» አሉ፣ ሳያስቡበት።

እናትየዋ ረከቦቱን ይዘው ከጓዳ ብቅ አሉ። «ልጅቷስ የማን ልጅ ሆነችና ነው? ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ! በሉ ተቀመጡ፣ ቡናው ሊቀዘቅዝ ነው።»