ወረቀት አስነክሰው ለሚሰወሩት ክቡር ባልደረባዬ

ጉዳዩ፦ የጋራ ፕሪንተራችንን ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከዛሬ ጠዋቱ በስተቀር ደህና ነኝ።

ስብሰባ ሊጀመር ሲል አንዲት ገጽ አጀንዳ ላትም ብዬ ሄድኩ። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። የትኛው በር እንደሚከፈት፣ ወረቀቱ በየት በኩል እንደሚሳብ ስክሪኑ ላይ በሥዕል ተቀምጧል፤ ፊደል ላልቆጠረ እንኳ ይገባል። እርስዎ ግን በጉልበት ወደ ኋላ ጎትተው ቦጭቀውታል። ከዚያ ክዳኑን በቀስታ መለሱት። ለክዳኑ ያሳዩትን ጨዋነት አደንቃለሁ። ግማሹ ገጽ ውስጥ ቀርቷል፤ የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ ነው፣ ስምዎም ጥርት ብሎ ይነበባል። አልጠራውም።

ተንበርክኬ በር በበር ከፈትኩ። ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው ክፍል ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ የሚጠጋ ነውና ጣቴን ለበለበኝ። ጥፍር የምታህል ቁራጭ ከሮለሩ ጀርባ ተሸጉጣለች፤ እሷ እስካለች ማሽኑ "ወረቀት ይዟል" ማለቱን አይተውም። በዚህ መሀል የማሽኑ ቀለም፣ ቶነሩ፣ ሸሚዜ ላይ ተደፋ። ቶነር ደግሞ የፕላስቲክ ዱቄት ነው፤ ሙቅ ውሃ ካገኘው ጭራሽ ይጣበቃል።

ይሄን ሁሉ እችለው ነበር። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ግን "ምን ነካክተህበት ነው?" አለ። አለቃዬም ሲያልፉ አዩኝና "አንተ ነህ እንዴ የምታበላሸው?" አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። የተንበረከከ ጥፋተኛ ነው፤ ሹልክ ያለ ንጹሕ።

እሺ፣ ማውጣቱ አቃተህ። "ነክሶብኛል፣ ና እስቲ እንየው" ብሎ አንድ ሰው መጥራት ምን ያስከፍልሃል? እሱም ከከበደህ ቁራጭ ወረቀት ላይ "አይሠራም" ብለህ ለጥፍ! እጅህ ላይ የቀረውን ግማሽ ገጽ ምን አደረግከው?

ይቅርታ፣ "እርስዎ" ማለቴ ነበር።

የመጨረሻዋን አንድ ሉህ ትሪው ውስጥ ትተው "ወረቀት አለ" የሚሉትም እርስዎ እንደሆኑ እጠረጥራለሁ።

ፈቃድዎ እንዲጸድቅ ከልቤ እመኛለሁ። ቢቻል ይራዘም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቅርብ አለቃዬ
ከኋላዬ ተሰልፋችሁ ለነበራችሁ በሙሉ
ለፕሪንተሩ፣ ስላሳየው ትዕግሥት