«እምነትህ ቀንሶ ነው» ከማለታችን በፊት

«እንዴት ነህ?» ስንባል መልሳችን አንድ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን።» ልጅ ቢታመምም፣ ደመወዝ በወሩ አጋማሽ ቢያልቅም፣ መልሱ አይቀየርም። ይህን ምስጋና እወደዋለሁ። እናቴ ስንቱን ክፉ ቀን ያለፈችው በእሱ ነው። የሚያሳዝነኝ ከምስጋናው በኋላ የሚመጣው ዝምታ ነው። አመስግነን ስናበቃ የሆዳችንን በሆዳችን ይዘን እንለያያለን።

አምና እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አከራዬ «ቤቱን ለልጄ እፈልገዋለሁ» አሉኝ። የአዲስ አበባ ተከራይ ይህች ዓረፍተ ነገር ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደመወዜ ከኑሮው ጋር መሮጥ አቅቶታል። በዚያ ላይ ቤት ፍለጋ ተጨመረበት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እባንናለሁ። ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ እደምራለሁ፣ እቀንሳለሁ። ሲነጋ ደክሞኝ እነሳለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ።

አንድ ቀን ለቅርብ ወዳጄ ተነፈስኩ። ደግ ሰው ነው፤ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው። «ጸልይ እንጂ! ጭንቀት እኮ የእምነት ማነስ ነው። ‹ለነገ አትጨነቁ› ተብሎ የለም እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭንቀቴ ሁለት ሆነ። አንዱ የቤቱ ነው። ሌላው «ታዲያ እኔ እምነት የለኝም ማለት ነው?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ይብሳል። መጸለይ ራሱ ያሳፍረኝ ጀመር።

በመጨረሻ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ቀኖና ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ «ልጄ፣ ምሳ በልተሃል?» አሉኝ። አልበላሁም ነበር። «እንቅልፍስ?» አሉኝ። እሱም የለም። «እንግዲያው ከኤልያስ እንጀምር» አሉ።

የኤልያስን ታሪክ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። በቀርሜሎስ ተራራ ላይ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ነው። ግን 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ላይ ያለውን ኤልያስ ልብ ብዬው አላውቅም። ኤልዛቤል ልትገድለው ዛተች፤ እሱም ሸሸ። በምድረ በዳ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል» አለ፤ እንዲሞትም ለመነ። ከዚያ ተኛ። እግዚአብሔር መልአክ ላከለት። መልአኩ «እምነትህ የት ሄደ?» አላለውም። ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። ራስጌው እንጎቻና ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ማንም አልተቆጣውም። መልአኩ ሁለተኛ መጣ። «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። ወደ ኮሬብ የ40 ቀን መንገድ የሄደው በልቶ፣ ተኝቶ፣ ደግሞ ከበላ በኋላ ነው።

የደከመ ሰው ቤታችን ሲመጣ እኛ ከየት እንጀምራለን? ብዙ ጊዜ ከስብከቱ። እንጎቻው ይቀድማል ብዬ አምናለሁ።

ጌታችንስ ቢሆን? በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሏል። ሦስቱን ደቀ መዛሙርት አጠገቡ እንዲቆዩለት፣ አብረውት እንዲተጉ ጠየቀ። ሉቃስ እንደጻፈው ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ይወርድ ነበር። በእሱ ፊት ቆሞ «መጨነቅ የእምነት ማነስ ነው» የሚል ማን አለ?

«ለነገ አትጨነቁ» የሚለውም ቢሆን ሲነበብ ግሳጼ ብቻ አይደለም። እዚያው ማቴዎስ ምዕራፍ 6 ላይ ጌታ ስለ ምግብና ስለ ልብስ እያወራ ነው። የሰማዩ አባታችሁ ይህ ሁሉ እንደሚያስፈልጋችሁ ያውቃል ይላል። ችግራችሁ ችግር አይደለም አላለም። በዚያው ምዕራፍ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ለዛሬ» ብለን እንድንለምን አስተምሮናል። የዓመቱን አይደለም፤ የዛሬዋን። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የስድስት ወር ኪራይ ስደምር ይህች «ለዛሬ» የምትለው ቃል ናት የያዘችኝ። የቀረውን ሒሳብ ሲነጋ እቀጥላለሁ። ኃላፊነቴን አልጣልኩም፤ ሌሊቱን ግን ለእንቅልፍ መለስኩ።

የንስሐ አባቴ ሌላም ነገር አዘዙኝ። «የዕለቱን ዳዊት ድገም፤ ሙሉውን ካልቻልክ የቻልከውን» አሉኝ። እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፍሏል። የሰኞ ድርሻ ከ1 እስከ 30 ነው። ሰኞን የሚፈራ ሠራተኛ ይህን ልብ ይበል። 12ኛው መዝሙር «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምራል። 21ኛው «አምላኬ፥ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ?» ይላል፤ ጌታ በመስቀል ላይ የጮኸው ጩኸት ነው። ወዲያው ቀጥሎ 22ኛው ይመጣል፤ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው»። አቤቱታውም መጽናናቱም በአንድ ሰኞ ጠዋት ይደገማሉ። ማክሰኞ ደግሞ «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ?» የሚለው አለ። የሐሙሱ 87ኛ መዝሙር ይብሳል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልቅሶ ነው፤ ሲያበቃም በጨለማ ነው የሚያበቃው። እሱንም አባቶቻችን ከጸሎቱ አላወጡትም። ሰው በእግዚአብሔር ፊት «ከፋኝ» ማለት እንዲችል ቃሉን ሰጥተውታል። እኔ ያፈርኩበትን ነገር ዳዊት ጮክ ብሎ ይለዋል።

ጠዋት ጠዋት መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም መቁጠሪያዬን ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ። 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እላለሁ። ቀስ እያልኩ፣ ከትንፋሼ ጋር። ታክሲው በዚህ ፈጥኖ አይመጣም። ትከሻዬ ግን ይወርዳል፤ ከፊቴ ሰልፍ ያቋረጠውን ሰው መሳደብም ይቀርልኛል። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። እንቅልፍ ለወራት የጠፋበት፣ መኖር ያስጠላው ሰው ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። ከጸሎቱ ጋር፣ ከጸበሉ ጋር። በ81ዱ መጻሕፍታችን ውስጥ ያለው ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። አማኑኤል ሆስፒታልን ስም አድርገን ሰው የምንሰድብበት ነገር በጣም ያመኛል። አማኑኤል እኮ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት ነው።

ወሩ በገባ በ12 የምንሰበሰብ የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን። ባለፈው ጥቅምት ጸሎቱ አልቆ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው እየተቀዳ «እንዴት ከረማችሁ?» ተባባልን። ሁላችንም «እግዚአብሔር ይመስገን» አልን። አንዲት እናት ግን እሱን ካሉ በኋላ ትንሽ ቆዩና «እኔስ ዘንድሮ ደህና አይደለሁም» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ልጃቸው ከሥራ ተቀንሷል። የኅዳር ሚካኤል የእሳቸው ተራ ነው። ድግሱን ከየት እንደሚያመጡት እያሰቡ እንቅልፍ ካጡ ሦስት ሳምንታቸው ነው።

የሚመክራቸው ሰው ይነሳል ብዬ ፈራሁ። የማኅበሩ ሙሴ (መሪያችን) ግን አንድም ጥቅስ አልጠቀሱም። ጠላ ቀዱላቸውና «እትዬ፣ መጀመሪያ ይቅመሱ» አሏቸው። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። «ኅዳርን ማን ይይዛል?»

አዲሱ ቤቴ ጠባብ ነው። ቢሆንም ጽዋውን እኔ ተቀበልኩ።