ኪወርድ መደርደሩ ይቅርብን

ድረ ገጽ ጉግል ፍለጋ ላይ ከፍ ብሎ እንዲታይ ስለማድረግ የቀረበው ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን «የኪወርድ ሜታ ታግ መሙላት እንዳትረሱ» የሚለው ምክሩ ጊዜው አልፎበታል። ይህ ታግ በገጹ ኮድ ውስጥ ቁልፍ ቃላት (ኪወርድ) የሚደረደሩበት፣ ለአንባቢ የማይታይ ቦታ ነው። ጉግል ይህን ታግ የፍለጋ ውጤቶችን ደረጃ ለመወሰን እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 በይፋ ተናግሯል። ይልቅ መጀመሪያ ገጻችሁ በጉግል የፍለጋ መዝገብ ውስጥ መመዝገቡን እዩ። እኔ ድረ ገጼን ስሠራ ያስገባሁትን «ኖኢንዴክስ» የሚል ትእዛዝ (የፍለጋ ሞተሮች ገጹን እንዳይመዘግቡ የሚነግር ነው) ሳላነሳ ቀርቼ፣ ለወራት ርዕስ ስቀያይር፣ ጽሑፍ ስጨምር፣ ሰው ለምን አይመጣም እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ፤ ለካ በሩን የቆለፍኩት እኔው ነኝ! ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጉግል መሣሪያ ነፃ ነው፤ የትኛው ገጽ እንዳልተመዘገበ ከነምክንያቱ ያሳያችኋል። ከዚያ ለየገጹ የራሱን ርዕስ ስጡት፤ ሁሉም ላይ «መነሻ ገጽ» ብሎ መጻፍ ምን የሚሉት ነው? ሊንክ መግዛቱን፣ ማለትም ሌሎች ድረ ገጾች ወደ እናንተ የሚወስድ ማገናኛ እንዲያስገቡ መክፈሉን፣ ደግሞ ተዉት፤ ጉግል ከነቃባችሁ ከውጤቱ ሊያወጣችሁ ይችላል።